በቀን የተዘጋ በር

ነገሩ የጀመረው ዓርብ ዕለት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን በማውለቅ ላይ ሳለሁ የዕድሩ ጥሩንባ ከቁልቁለቱ በኩል ተነፋ። በእኛ ሰፈር ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ስለነበር ሴቶቹ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ እያዘቀዘቁ ከየግቢያቸው ወጡ። አክስቴም ወጣች። እኔ ከበሩ አላለፍኩም፤ ሰው በተሰበሰበበት መሀል መቆም ያኔም ዛሬም አልችልበትም።

ጥሩንባ ነፊው ግን የሞተ ሰው አልጠራም። ድንጋይ ላይ ወጥቶ የአጥቢያ ዳኛውን ትእዛዝ ተናገረ። ሰሞኑን በቀጨኔ በኩል ያበደ ውሻ ሰው ነክሷል፤ ስለዚህ ዛሬ ሲመሽ መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ ይጣላል፤ ውሻ ያለው ውሻውን ይሰር፤ እሑድ ጠዋት ሬሳ የሚለቅም ጋሪ ይመጣል። ያላሰረ ሰው ማንንም አይክሰስ ብሎ ጨረሰ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን መልሰው አስተካከሉ። የሞተ ባለመኖሩ ቀለል ብሏቸው ወዲያው ቀልድ ጀመሩ። አንዷ በዓርብ ቀን ሥጋ መጣል ውሻን ማስገደፍ ነው፣ ኃጢአቱም ለዳኛው ነው አለች። ሌላዋ ባሏ ከጠጅ ቤት የሚመለሰው ከመሸ ስለሆነ እሱንም ታስረው እንደሆነ ጠየቀች። ጥሩንባ ነፊው፣ «እሱን ተይው፤ መርዝ ለምዷል» አላት። ሳቁ እስከ እኛ በር ድረስ ተሰማ።

ሲመለስ በአጠገቤ አለፈ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ድምፄ ስላልተሰማው ሁለቴ መድገም ነበረብኝ።

«ድመትስ?»

«ስለ ድመት የታዘዝኩት የለም፣ እህቴ» አለኝ። «ደግሞስ ድመት ማን ያስራል?»

ለምን እንደጠየቅኩ ለመናገር ስለ አክስቴ መናገር አለብኝ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ ነበር የምላት። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፣ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አናጢ ሆኖ የሚሠራ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከኮቱ ኪስ አንድ ግራጫ የድመት ግልገል አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት። ድመቱ ሲያድግ ደግሞ እንደልቡ እንዲወጣና እንዲገባ በበሩ ታችኛው ጥግ ላይ በመጋዝ ክብ ቀዳዳ ቆረጠለት። የቀዳዳው እንጨት እንዳይወጋው ዳር ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶት ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ልጇ ታመመና መስከረም ሳይጠባ ሞተ።

ከዚያ በኋላ አክስቴ መናገር ተወች። ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው ትሰማለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ቃል ግን አይወጣትም። ሰው ጊዜ ይፈታዋል ይል ነበር። አርባው ወጣ፣ ክረምቱም ፈጽሞ ሄደ፣ ምንም የለም። ከዚያ አንድ ቀን ከጓዳ ሆኜ ድምፅዋን ሰማሁ። ድመቱን ነበር የምታናግረው።

«አንተ ሰው» አለችው። «ልጅቱ ወጡ ላይ ጨው ረስታለች። ንገራት።»

ጨዉን ጨመርኩ። ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅኩ እኔም ለድመቱ መለስኩ፤ ረስቼ ነው፣ ይቅር ትበለኝ አልኩት። በዚህ ዓይነት ንግግራችን ተጀመረ። እሷ የምትፈልገውን ለድመቱ ትነግረዋለች፣ እኔ ሰምቼ ለድመቱ እመልሳለሁ። ድመቱ መሀላችን ተኝቶ ጅራቱን ያወዛውዛል። ሰው ፊት ለፊት እያየሁ መናገር ስለሚከብደኝ ለእኔ ነገሩ ቅር አላለኝም። እንዲያውም ልጇ በሕይወት ሳለ ካወራነው ይልቅ በድመቱ በኩል ያወራነው ይበልጣል። ስለ እናቴ የማላውቀውን ነገር የነገረችኝ ለእሱ እያወራች ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ያገኘሁ ዕለትም፣ «አንተ ሰው፣ ደስ ብሎኛል በላት» አለችው።

ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ በኋላ ለመዱት። አንድ ነገር ሊጠይቋት ሲፈልጉ እነሱም፣ «እስቲ አንተ ሰውዬ፣ ወንፊት ታውሰን እንደሆነ ጠይቅልን» ይሉት ነበር። ጥያቄው በድመቱ በኩል ካልመጣ አትመልስም። ይህን እኔ በደንብ አውቅ ነበር፤ እሱ ከሌለ በዚያ ቤት የሚናገር ሰው አይኖርም።

ስለዚህ እሱ በወጣ ቁጥር እጨነቅ ነበር። በእኛ ሰፈር ድመት አይሞትም፣ ይጠፋል ነው የሚባለው። የባለ ሱቁ ድመት ጠፋች ተባለ፤ እኔ ግን አስፋልቱ ዳር አይቻታለሁ፣ መኪና ገጭቷት። ከእኛ በላይ ያለው ግቢ ድመት ጠፋ ተባለ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጅብ በዚያ ሰሞን በአጥሩ ሥር ይመላለስ እንደነበር ግን ሁሉም ያውቃል። አንዲት ድመት ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ሁለት ቀን ስትጮህ ሰምተናል፤ እሷም ጠፋች ነው የተባለው። ሰው እንዲህ የሚለው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የጠፋ ነገር አይለቀስለትም፤ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል ተብሎ ይተዋል።

ዓርብ ማታ ጆንያ ጠቅልዬ በበሩ ቀዳዳ ወተፍኩ። በሩንም ከወትሮው ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ድመቱ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ጆንያውን በእግሩ ቧጠጠ፣ ዞሮ አየን፣ ጮኸ። አክስቴ ሳቀች።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ ታስረሃል» አለችው። «ጥፋትህን የምታውቀው አንተ ነህ።»

የሌሊቱ ነገር ቀላል ነበር፤ ሌሊት የማንም በር ዝግ ነው። የፈራሁት ቀኑን ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አካፋ ይዤ ወጣሁ። ሥጋው በየአጥሩ ሥር፣ በየድንጋዩ ጥግ ተጥሏል፤ እንቁላል እንቁላል የሚያህል ሆኖ ተቆርጦ፣ መሀሉ ተሰንጥቆ። ያገኘሁትን ሁሉ እየዛቅኩ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩ። ጎረቤታችን አሮጊት፣ እማማ የምላቸው፣ ኪዳን ለማድረስ ወደ መድኃኔዓለም ሲወጡ አጎንብሼ አገኙኝ። ቆም ብለው አዩኝ።

«ተምረሽ ተምረሽ ሥጋ ለቀማ ገባሽ?» አሉኝ።

ለድመታችን ፈርቼ ነው አልኳቸው። እግዚአብሔር ያውቅለታል ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሳቸውም ድመት ነበራቸው፤ በዚያ ሰሞን ወልዳ ቅርጫት ውስጥ ስለነበረች ግን አትወጣም ነበር።

ከአጥራችን በታች ያለው ገደል ውስጥ ግን መውረድ አልቻልኩም። ቀዩ አፈር በጤዛ ረጥቦ ያንሸራትታል። ከላይ ሆኜ ሳይ በባሕር ዛፎቹ መሀል ሁለት ውሾች ተጋድመዋል፤ በአጠገባቸው ሌላ ሥጋ ይኑር አይኑር በቅጠሉ ምክንያት አይታይም። ድመታችን አዘውትሮ የሚወርደው ወደዚያ ነበር።

ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ሥራ ነበረን። ከመውጣቴ በፊት ድመቱን አቅፌ እንደ ወጋችን ለእሱ ተናገርኩ። ዛሬ በሩ እንደማይከፈት፣ ጋሪው ነገ ጠዋት መጥቶ መንገዱ እስኪጸዳ ብቻ መሆኑን፣ ውኃ ከውጭ ቀድቼ ማስገባቴን፣ እቴቴ ምንም የምትወጣበት ጉዳይ እንደሌለ ነገርኩት። አክስቴ እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

«ሰምተናል በላት» አለችው።

ስወጣ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ስትሰካ ሰማሁ። ቢሮ ስደርስ ጥቂት ልቤ ተረጋጋ። ሰው ባይሰማኝም እሷ ትሰማኛለች፤ ደግሞ ድመቱ እቤት እንዲቀር ከእኔ የበለጠ የምትፈልገው እሷ ናት ብዬ አሰብኩ። ያን ዕለት የጻፍኩትን ደብዳቤ ሁሉ ስሕተት እየበዛበት ደግሜ ደጋግሜ በታይፕ መታሁት። ከግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ያየኛል፤ አለቃዬም እንደዚሁ።

ከአውቶቡስ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ የሞቱ ውሾች በየቦታው አየሁ። ሰው አፍንጫውን ሸፍኖ እየተራመዳቸው ያልፋል። ከባለ ሱቁ ቤት ጋ ያለውን መታጠፊያ ስታጠፍ የቤታችን በር ታየኝ። ወለል ብሎ ተከፍቷል።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንዲት ጎረቤት ሙቀጫ ልትዋስ መጥታ በሩን ዝግ ታገኛለች። ታንኳኳለች። አክስቴ አልመለሰችም፤ በድመቱ በኩል ለመመለስም ሴትዮዋ ውጭ ናት። ከዚያ ሌላ ሴት መጣች፣ ከዚያ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆሙ። በእኛ ሰፈር በቀን በር የሚዘጋ ሰው ወይ ከጎረቤት ተደብቆ የሚበላ ነው፣ ወይ የተቀየመ ነው፣ ወይ ውስጥ አንድ ነገር ደርሶበታል። ሦስቱን እየገመቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ተነጋገሩ። አንዷ የመጨረሻውን ፈራች፤ ልጇ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን አትተው ተባብለን አልነበረም ወይ አለች። ሌላዋ ግን ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ የተማረች ልጅ ያለችው ቤት በሩን መዝጋት ጀመረ እንግዲህ አለች። አክስቴ ይህን ሁሉ ከውስጥ ሰማች።

እነዚህ ሴቶች ልጇ በሞተ ጊዜ እቤታችን መሬት ላይ ጨፌ ጎዝጉዘው ከእሷ ጋር ያደሩ ናቸው። እንጀራውን ተራ ገብተው አመጡ፣ ውኃውን ተራ ገብተው ቀዱ፣ እሷ እንድትቀምስ እነሱ እየጎረሱ አሳዩዋት። በእነሱ ላይ በር እንዴት ይዘጋል? ተነሥታ መቀርቀሪያውን ሳበች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ስገባ ሦስቱም ተቀምጠው ነበር። ድመቱ አክስቴ ጉልበት ላይ ተኝቷል። ከበሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩና ለእንግዶቹ እጅ ነሣሁ። ጥቂት ቆይቼ በእጄ በሩን ገፋ ማድረግ ጀመርኩ።

«ምነው?» አሉኝ እማማ።

ብርዱ ነው አልኩ። ሁሉም በአንድነት ወደ ውጭ አዩ። ፀሐዩ የግቢውን መሬት አግሎታል።

«ተምራ ተምራ በር መዝጋት ተማረች» አለች አንዷ። ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ እኔም ፈገግ አልኩ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ስለ ሥጋው፣ ስለ ገደሉ፣ ድመትም እንደ ውሻ እንደሚሞት፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ መሆኑን። ረጅም ንግግር ነበር ለእኔ። ሲያልቅ እማማ በርኅራኄ አዩኝ።

«ልጄ፣ ድመት እኮ ያላሸተተውን አይቀምስም» አሉ። «ሆዳሙ ውሻ ነው። ደግሞ ድመት ቤት ተዘግቶበት ምን ሊሆን ነው? አይጡን ማን ይይዝለታል?»

ሌሎቹም የየራሳቸውን አከሉ። አንዷ ባለፈው ጊዜም እንዲህ መርዝ ተጥሎ የእሷ ድመት አንዳች አልሆነችም አለች። ያቺ ድመት በኋላ የት እንደደረሰች ሌላዋ ጠየቀቻት። ጠፋች አለች።

ወደ አክስቴ ዞርኩ። አክስቴ ድመቱን ታየዋለች። ጣቷ በጆሮዎቹ መሀል ይመላለሳል። ሲቆይ ተናገረች።

«አንተ ሰው» አለችው። «ልጅቱ ልክ ናት። ግን ሰው ፊት በር አይዘጋም በላት።»

ከዚያ በላይ ምንም ማለት አይቻልም ነበር። በርጩማዬን ወደ ደፉ ጠጋ አድርጌ መንገዱን በእግሬ ዘጋሁ። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ፤ ስለ ጤፍ መወደድ፣ ስለ አንዲት ሙሽራ። ድመቱ ተነሣ፣ ጀርባውን ቀስት አድርጎ ተንጠራራ፣ ከጉልበቷ ወረደ። ቀስ ብሎ መጣ። በእግሬ ላይ ሊሻገር ሲል በሁለት እጄ ያዝኩት። ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ ያደረ ነበርና ታገለኝ፤ ክንዴን ከክርን እስከ አንጓ ቧጨረኝ።

«ኧረ ልቀቂው፣ ደምሽ ፈሰሰ» አለች አንዷ። «እስረኛ አደረግሽው እኮ።»

አልለቀቅኩትም። ራሱ አመለጠኝ። ስወጣ አጥሩ ሥር ደርሷል፣ ከዚያ ጅራቱ ብቻ ታየኝ፣ ከዚያ ምንም። ልጠራው ፈለግኩ፤ ጮክ ብዬ መጣራት አላውቅበትም፤ የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም ነበር። አክስቴ ከኋላዬ ወጥታ አጥሩን ይዛ ጮኸች።

«አንተ ሰው! አንተ ሰው ተመለስ!»

ልጇ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። በመንገዱ ያልፍ የነበረ አንድ ጭነት የተሸከመ ሽማግሌ እሱን የጠራችው መስሎት ቆመና፣ «አቤት እመቤቴ፣ ምን ላግዝ?» አለ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሽማግሌውም ሳቀና ሄደ። አክስቴ ብቻ አጥሩን እንደያዘች ቀረች።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በገደሉ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ስል ዋልኩ። መሬቱ ደርቆ ስለነበር አሁን መውረድ ቻልኩ። አራት ሥጋ አገኘሁ፤ ከሁለቱ ውሾች አጠገብ። አምስተኛ ነበር ወይ የሚለውን ማን ይነግረኛል?

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ድመቱ በራሱ መጣ። በክፍቱ በር ገባ፣ አካሄዱ ግን ሌላ ነበር። እግሮቹ እንደ እንጨት ቀጥ ቀጥ ብለዋል። መሬቱን እንደማያምነው አድርጎ ይረግጣል። ከመደቡ አጠገብ ሲደርስ ወደቀ፤ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ ሰውነቱ ሁሉ ተገተረ። ሕመሙ ጥቂት ይዞ ተወው። ውጭ አንድ በር ሲላጋ እንደገና ያዘው። እንዲህ ያለው መርዝ ያለበትን እንስሳ ድምፅና ንክኪ ሕመሙን እንደሚያባብስበት አንብቤ አውቃለሁ፤ ጨለማና ጸጥታ ያስፈልገዋል፣ ከዚያ ሌላ እኛ የምናውቀው መድኃኒት የለም። በሩ ይዘጋ አልኩ።

እማማ እየሮጡ መጥተው ነበር። በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉት። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። አንዷ ከላሟ አልባ ወተት አመጣች፤ በማንኪያ ልናጠጣው ስንሞክር መንካታችን ራሱ ሲያስገትረው ተውነው። አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሳትነካው፣ በሹክሹክታ ታወራለት ነበር።

«አንተ ሰው፣ አይዞህ። ወተቱ እዚህ አለ። በሩም ተዘግቷል፣ ማንም አይገባም። ልጅቱ ነገ ሥራ የላትም፣ እቤት ትውላለች። አንተ ሰው፣ ልጅቱ ክንዷን ትታጠብ በላት። ያመረቅዛል በላት።»

ታጠብኩ። ስመለስ ሞቶ ነበር። ሰውነቱ ላላ ብሎ እንደ ወትሮው የተኛ መስሏል።

 እማማ በአክስቴ ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«በቃ እህቴ፣ ጠፋ በይው» አሏት። «ድመት ነው። ይጠፋል።»

አክስቴ ቀና አለች። ልትመልስላቸው ፈልጋ ነበር፤ ከንፈሯ ሲከፈት አይቻለሁ። እንደ ልማዷ ወደ ድመቱ ዝቅ ብላ አየች፣ መልሱን ለእሱ ልትሰጠው። አየችው። ከዚያ አፏን ገጠመች።

የሞተ ድመት ገደል ይጣላል እንጂ አይቀበርም። እኔ ግን ሳይጨልም በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ከአጥሩ ሥር፣ ከኮሽሙ ቁጥቋጦ ግርጌ ቀበርኩት። ጠዋት ሥጋ በዛቅኩበት አካፋ ነው የቆፈርኩት። ሌላ አካፋ አልነበረንም።

እሑድ ጠዋት ቁርሷን ይዤ ቀረብኩ። ሌሊቱን ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነበር፤ እንዴት እንደምጀምር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሀላችን ማንም ሳይኖር አነጋገርኳት።

«እቴቴ፣ እንዴት አደርሽ?»

ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። እሷ ግድግዳውን ታያለች። ጠበቅኩ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። እንደገና ልላት አስቤ አልቻልኩም።

ቅዳሴ ሲወጣ እማማ መጡ። ከነጠላቸው ሥር አንድ የድመት ግልገል አወጡ፤ ዓይኑን ከገለጠ ብዙም አይሆነው። ነጭ ነበር፣ ጆሮው ዳር ብቻ ጥቁር ያለበት። አክስቴ ጉልበት ላይ አስቀመጡላት፣ ልክ ልጇ እንዳደረገው። አላቀፈችውም፣ አልገፋችውም። ግልገሉ በቀሚሷ እጥፋት ተንሸራትቶ መሬት ወረደና በተከፈተው በር በኩል ወደሚገባው ብርሃን መዳህ ጀመረ። እማማ ይለምደናል ብለው ሄዱ።

ደፉ ላይ ሲደርስ አነሣሁት። በእጄ ውስጥ ይሞቃል፣ ልቡ ትመታለች። ለምን ያህል ጊዜ ልይዘው እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። እኔ ሥራ እሄዳለሁ። በሩ ክፍት ይውላል። ገደሉ እዚያው ነው፣ አስፋልቱም እዚያው ነው፤ ጥሩንባው ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይነፋል። ነጠላዬ ውስጥ አድርጌ ወደ እማማ ቤት ወሰድኩት።

እማማ ቅር አላቸው። «ምነው፣ ናቀችው?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ። በራችን ክፍት ስለሆነ ነው።»

«የማን በር ነው ክፍት ያልሆነው?» አሉ፤ በእውነት አልገባቸውም ነበር። ግልገሉን ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከእናቱ ሆድ ሥር መለስኩት። ወዲያው መጥባት ጀመረ። እማማ ቁርስ ብይ አሉኝ፣ በልቻለሁ አልኩ።

ስመለስ በራችን ተዘግቶ አገኘሁት።

መጀመሪያ ነፋስ የገፋው መሰለኝ። ገፋሁት፣ አልተነቃነቀም፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ተሰክቷል። ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው ለማየት ሞከርኩ። ጆንያው ተመልሶ ተወትፎበታል፣ ጥብቅ ተደርጎ። አንኳኳሁ። እኔ ነኝ አልኩ። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ፤ እየተነፈሰች እንደሆነ ይሰማኛል፣ ከበሩ በጣም ሩቅ አልነበረችም። እቴቴ፣ እኔ ነኝ አልኩ እንደገና።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች በመንገዱ አለፉ። አንዷ ምነው ውጭ ተቀመጥሽ አለችኝ፤ ሳላውቀው ደፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ፀሐይ እየሞቅኩ ነው አልኳት። በሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝና አለፈች። ቀጥሎ ጋሪው መጣ። በሁለት በቅሎ የሚጎተት ነበር፤ ውሾቹ ተከምረው ከላይ ማቅ ተጥሎባቸዋል። ጋሪ ነጂው አፉን በጨርቅ እንደሸፈነ በእኛ ደጅ ቆመ።

«እዚህ የሞተ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የለም አልኩት። ጋሪው ዳገቱን እስኪጨርስ ድረስ ጀርባዬን ለተዘጋው በር ሰጥቼ እዚያው ተቀመጥኩ።